የዳነው ሰው አፍ

ጭብጨባው ከግድግዳው ማዶ መጣ፤ መጀመሪያ ፈራ ተባ እያለ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ጠንክሮ። ጭብጨባው ሲበርድ አንድ ቀጭን፣ ንባብ የለመደ ድምፅ ካቆመበት ቀጠለ። ኦፒየስ በከተማው መታጠቢያ ቤት፣ ሙቁ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። እንፋሎቱ የገዛ ጉልበቱን እንኳ እንዳያይ ጋርዶታል። ማን እንደሚያነብ፣ እነማን እንደሚያዳምጡ አላየም። የሚደርሰው ቃሉ ብቻ ነበር።

«ጓዱ ድልድዩ አፍ ላይ በወደቀ ጊዜ» ይላል ድምፁ፣ «ሌጌዎኑ ሁሉ ወደ ማዶ ሲሸሽ እርሱ ብቻውን ተመለሰ። በረዶው ጉልበቱ ደርሷል። ዳኪያውያን እንደ ማጭድ የቆለመመ ሰይፋቸውን ይዘው ከበቡት። ክንዱ ሲዝልበት የጋሻውን ጠፍር በጥርሱ ነከሰ። ነክሶም ቆመ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ከወደቀው ጓዱ ራስ አልተነቃነቀም።»

ኦፒየስ በዚያ ሁሉ ሙቀት መካከል ሰውነቱ ቀዘቀዘ። ምላሱ ሳያዘው ወደ ላይኛው ድዱ ሄደ፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የነበሩበት ባዶ ቦታ ላይ አረፈ። ጠፍሩን እንደነከሰ አንዱ ዳኪያዊ ጋሻውን በሰይፉ ጠልፎ ሲጎትተው ጥርሶቹ አብረው ሄዱ። ድምፁ ይህን አላነበበም። ሌላው ሁሉ ግን ልክ ነው። በረዶው ልክ ነው፤ ድልድዩ ልክ ነው። ልቡ እንደ ጎረምሳ ልብ ዘለለ። አንድ ሰው ተናግሯል ማለት ነው። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ፣ ጢሙ ነጭ ከሆነ በኋላ፣ አንድ ሰው አፉን ከፍቷል። ደግሞ ማን ሊሆን ይችላል? ያ የዳነው ሰውዬ ራሱ ካልሆነ በቀር ማን?

«የዚህ ጀግና ስም» አለ ድምፁ፣ «የእናንተው ልጅ፣ የእናንተው ሹም፣ ሴስቲልየስ ነው።»

ጭብጨባው እንደ ገና ወረደ።

ኦፒየስ ፎጣውን ወገቡ ላይ ጠቅልሎ፣ የእንጨት ነጠላ ጫማውን እያንቋቋ ወጣ። በአዳራሹ ውስጥ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ የተቆላ ሽንብራና ቋሊማ እየበላ አግዳሚው ላይ ተደርድሯል። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ጥቅል ብራና በሁለት እጁ ዘርግቶ ቆሟል። ሴስቲልየስ ከፊት ተቀምጧል፤ ራሱን እንደ ሙሽራ ዝቅ አድርጎ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ፈገግ ይላል። በሙሉ ጥርሱ።

እዚያው ጮኾ ሊያዋርደው ይችል ነበር። አልጮኸም። ለምን እንዳልጮኸ ደግሞ በዚያች ከተማ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ ግማሹ ሕዝብ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ ወጉን ሁሉም ያውቃል። በጦርነት የዜጋን ሕይወት ያተረፈ፣ ጠላቱን የገደለ፣ የቆመባትንም መሬት እስከ ምሽት ያለቀቀ ሰው የበሉጥ ቅጠል አክሊል ይገባዋል። ከወርቅ አክሊል ሁሉ ይህ ቅጠል ይበልጣል። ነገር ግን አዳኙ ‹እኔ ነኝ› ብሎ አይጠይቅም። ከጠየቀ መሣቂያ ነው። ያየ ሰው ሁሉ ቢመሰክርለትም አይቆጠርም። የሚቆጠረው የዳነው ሰው አፍ ብቻ ነው። የዳነው ሰው በሕዝብ ፊት ወጥቶ ‹ሕይወቴን የሰጠኝ ይህ ነው› ብሎ ይምላል፤ አክሊሉን በገዛ እጁ ጎንጉኖ ራሱ ላይ ይደፋለታል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮም አባቴ ይለዋል። አባቴ ማለት በአፍ ብቻ አይደለም። ሲገባ ይነሣለታል፣ መንገድ ይለቅለታል፣ ሲያረጅ ይጦረዋል።

የሴስቲልየስ አባት ከፓዱስ ወንዝ ዳር እስከ ኮረብታው ድረስ ወይን ያለው ጌታ ነበር። የኦፒየስ አባት ከባርነት ነጻ ወጥቶ እስኪሞት ድረስ የዓሣ ማጣፈጫ ማሰሮ በትከሻው ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ ሽታው ከልጁ ልብስ እንኳ አይለቅም እየተባለ በጦር ሰፈሩ ይቀለድበት ነበር። ከድልድዩ ውጊያ በማግስቱ አዛዡ ሴስቲልየስን ጠርቶ ማን አዳነህ ብሎ ጠየቀው። ኦፒየስ አፉ በደም በራሰ ጨርቅ ታስሮ እዚያው ቆሟል። ሴስቲልየስ አየው። አይቶት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ «በረዶ ነበር ጌታዬ፤ ማንንም አላየሁም» አለ።

በቃ። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

*

ኦፒየስ የበቅሎ ኮርቻና ልጓም ይሠራል። ከመታጠቢያ ቤት ሲመለስ ሚስቱ ሳልቪያ ቆዳ እየዘፈዘፈች፣ የድሮ ጓዱ ቡኮ ደግሞ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ተገትሮ ሆምጣጣ ወይን ጠጁን እየጠጣ አገኛቸው። ቡኮ ጉንጩ እንደ ተነፋ አቁማዳ የሆነ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው ነው። ወሬው ቀድሞት ደርሷል።

እንግዳው ኖርባኑስ ይባላል አለ ቡኮ። ከሮም የመጣ ጸሐፊ ነው፤ የንጉሥና የጄኔራል ታሪክ ሰለቸኝ ብሎ፣ ተራ ወታደር በግሉ የሠራውን ጀብዱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይለቅማል። ያረፈው በሴስቲልየስ ቤት ነው። ነገ የከተማዋ የምሥረታ በዓል ነው፤ በቴአትሩ ለሕዝብ ሁሉ ያነበዋል፣ ከዚያ ወደ ሮም ይዞት ይሄዳል፤ እዚያም ተገልብጦ ለዓለም ይበተናል።

«ሰውዬው እኮ ሲሸሽ ነው የወደቀው» አለ ቡኮ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ከፊቴ ነበር የሚሮጠው። እውነቱን ለመናገር እኔም እሮጥ ነበር፤ ግን እኔ አልወደቅሁም፣ ስለዚህ የእኔን ታሪክ የሚጽፍ የለም።»

ሳልቪያ አልሣቀችም። እጇን ከቆዳው ውስጥ አውጥታ ባሏን አየችው። ምን አልክ አለችው። ምንም አለማለቱን ሲነግራት፣ መቼም አንተ ዝም ስትል ሌላው ይናገርልሃል፣ ይኸው ተናገረልህ አለችው። በዚህ ቤት ውስጥ ስለዚያ ድልድይ ስንት ጊዜ ተኝታ እንደሰማች፣ በእንቅልፉ ጥርሱን እያፋጨ ስንት ጊዜ እንደቀሰቀሳት ነገረችው። ወጉ ወጉ የምትለው ነገር አለ፤ ወጉን እኮ እሱ ነው ያፈረሰው፣ አንተ ለማን ነው የምትጠብቅለት? አለችው።

ኦፒየስ የበዓል ልብሱን ለበሰና ወጣ።

*

ኖርባኑስ በሴስቲልየስ አትክልት ስፍራ፣ ከወይን ጥላ ሥር፣ የሰም ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቱ ለነገ በዓል የሚታረደውን በሬ ሊያይ ወጥቷል። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ ኦፒየስን ይበልጥ ያቃጠለውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ የሚይዘው ነገር ባገኘ ነበር። ይህ ሰው ግን ብድግ ብሎ ተቀበለው፣ በክብር አስቀመጠው፣ የበለስ ፍሬ አቀረበለት፣ የሚለውን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማው። ኦፒየስ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ሲያሳየው ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አየ፤ እንደሚያዝን ሰውም ራሱን ነቀነቀ።

«አምንዎታለሁ ልበልዎት» አለ በመጨረሻ። «ግን የእኔ ማመን ምን ይረባዎታል? ወጉን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። እርስዎ ስለ ራስዎ ቢናገሩ አይቆጠርም። ጓደኛዎ ቢናገር አይቆጠርም።»

«እሱስ? እሱም እኮ የተናገረው ስለ ራሱ ነው።»

ጸሐፊው ሰሌዳውን አየ፣ የብረት መጻፊያውን በጣቱ አሽከረከረ። ከዚያ ያሰበውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘረዘረለት። እውነት ነው፣ እሱንም ሲያስጨንቀው የሰነበተ ነገር ነው። ሮም ላይ ሲያነብ የመጀመሪያው ጥያቄ አክሊሉስ የታለ የሚል ነው። ሴስቲልየስ አክሊል የለውም፤ የዳነውንም ሰው ስም አላስታውስም ይላል። ስለዚህ የዳነ ሰው እስከ ነገ ካልተገኘ፣ ነገ ካነበበው በኋላ ታሪኩን ከመጽሐፉ ሊፍቀው ወስኗል። ያሳዝናል፤ ከሰበሰበው ሁሉ ይህን ያህል የወደደው የለም።

ታሪኩ ሊፋቅ እንደሚችል ኦፒየስ አላሰበም ነበር።

«ስለዚህ» አለ ኖርባኑስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደግ ነገር እንዳሰበ ሰው ፊቱ እየበራ፣ «አንድ ነገር ላቅርብልዎ። እርስዎ እዚያ ድልድይ ላይ እንደነበሩ ጥርጥር የለኝም። ሴስቲልየስም እዚያ ነበር። የቆመው ሰው ስም አለኝ። የወደቀው ሰው ስም የለኝም። እርስዎ...»

ኦፒየስ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው የያዘውን በለስ ሳያውቀው ጨፍልቆት ጭማቂው በጣቶቹ መካከል ወረደ።

«እኔ የወደቅሁት ልሁን?»

«ስምዎ ለዘላለም ይኖራል» አለ ጸሐፊው። «ድልድዩም፣ በረዶውም፣ ጥርሱም አይጠፋም። ካልሆነ ሁሉም ይጠፋል። እኔ የምችለው ይህን ነው።»

ኦፒየስ ተነሣ። በልቡ ይህን ሰው በጠረጴዛው ላይ ሲገለብጠው፣ ሰሌዳውን በራሱ ላይ ሲሰብረው አየ። ያደረገው ግን እጁን በበዓል ልብሱ ጠርጎ መውጣት ነበር። መንገዱን በሙሉ ለራሱ እያወራ ሄደ። አህያ የሚነዱ ሴቶች ዞር ብለው አዩት።

*

ሴስቲልየስ የመጣው ፀሐይ ሳትበርድ ነው። ብቻውን። በዚያች ከተማ ሴስቲልየስ አጃቢ ሳያስከትል ሲሄድ አይታወቅም፤ ቡኮ በሩ ላይ ሲያየው ጽዋውን ወደ ኋላው ደበቀና ቦታውን ለቀቀ። ሳልቪያ ወደ ጓዳ ገባች፤ መጋረጃውን ግን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችውም።

ሹሙ ዙሪያውን አየ። የቆዳው ሽታ አፍንጫውን አስጨበጠው። አንድ በርጩማ አገኘና በመሐረቡ ጠርጎ ተቀመጠ። ከጉርምስናቸው ወዲህ ሁለቱ አፍ ለአፍ ተነጋግረው አያውቁም፤ በመንገድ ሲተላለፉ ኦፒየስ ዞር ይላል፣ ሴስቲልየስ ደግሞ ያላየ ይመስላል። አሁን ግን እንደ ትናንት ጓደኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወይኑ አዝመራ ጀመረ። ኦፒየስ ጠፍሩን በወስፌ እየበሳ አላየውም። ስለዚህ ወደ ጉዳዩ ገባ።

ጸሐፊው ለኦፒየስ ያቀረበውን እንደሰማና መልካም ሐሳብ ሆኖ እንዳገኘው ተናገረ። ለከተማዋም ክብር ነው። አክሊሉን ከደፋ ደግሞ በትርኢት ቦታ ከፊት ወንበር ይሰጠዋል፤ የከተማዋ ስም በሮም ይነሣል። የዳነ ሰው ከሌለ ግን አክሊል የለም። ይህን ሲል ነገሩን መጠየቅ እንደከበደው ታወቀበት።

«አንተም ትገባለህ እኮ መጽሐፉ ውስጥ» አለ።

«ወድቄ።»

«ወድቀህም ቢሆን መግባት ነው። ከቆሙት ስንቶቹ ገቡ?»

ኦፒየስ ወስፌውን አስቀመጠ። ከጓዳው መጋረጃ በስተኋላ ምንም ድምፅ የለም። ከመንገድ የበቅሎ ኮቴ ይሰማል።

«አንድ ጊዜ በለው» አለ ኦፒየስ። «እዚህ። ማንም አይሰማህም። አንድ ጊዜ በአፍህ በለው፤ ከዚያ ነገ እመጣለሁ።»

ሴስቲልየስ ወደ በሩ አየ። ቡኮ ርቆ ቆሟል። ትከሻውን ሰበቀና አፉ ውስጥ የገባ ዝንብ እንደሚተፋ ሰው ቃሉን ተፋው።

«አንተ ነህ ያዳንከኝ። ይኸው አልኩ። በቃህ?»

ኦፒየስ ይህችን ቃል የጠበቃት የሕይወቱን ግማሽ ነው። በምን ዓይነት ቀን እንደምትመጣ፣ ሲሰማት ምን እንደሚሰማው፣ ያለቅስ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ አስቦታል። አሁን መጣች። እንደ ሰገራ ሽታ አፍንጫው ሥር አልፋ ሄደች። ምንም አልተሰማውም፤ ቀጥሎ የተሰማው ደግሞ ከዚያ በፊት የማያውቀው ዓይነት ቁጣ ነበር። ሰውዬው ክዶት ቢሆን ኖሮ ያ የድሮው፣ የለመደው ቁጣው ነው። ይህ ግን ያውቅ ነበር፤ እንዲህ በቀላሉ ሊለውም ሁልጊዜ ይችል ነበር ማለት ነው። አንድ ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም።

«አባቴ በለኝ» አለው።

የሴስቲልየስ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። ብድግ አለ። በርጩማው ተገለበጠ።

«የእኔ አባት የታወቀ ሰው ነው» አለ። «ልክህን እወቅ። ነገ ነጭ ልብስ ልበስ። አክሊሉን ሰዎቼ ሠርተው ይልኩልሃል።»

«አክሊሉን የሚጎነጉነው የዳነው ሰው ነው።»

«ያንተ ጣት ጠፍር እንጂ ቅጠል አያውቅም ብዬ ነው» አለ ሴስቲልየስ፣ እና ወጣ። ቡኮ አጠገብ ሲደርስ እንደ ገና ሹም ሆኖ ነበር፤ ደረቱን ነፍቶ፣ አካሄዱን አሳምሮ።

ሳልቪያ መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ፊቷ እንደ ድንጋይ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። ትሄዳለህ? ብላ ጠየቀችው። እሄዳለሁ አላት። ከዚያ በኋላ የወረደበትን ናዳ ማቆሚያ አጣ። አንተ ለዚያ ሰው አባቴ ልትል ነው? አለችው። እንግዲህ አማቴ ሆነ ማለት ነው፤ ነገ ደግሞ ሂጂና እግሩን እጠቢ ትለኛለህ። በበዓል ቀን ዶሮ ይዤ ልሂድለት? የልጅ ልጅ ብሎ ደግሞ የእኛን ልጆች ይመርቃቸዋል? እሷ ይህን ስትል ቡኮ በሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሊሥቅ ሞከረ፣ ዓይኗን ሲያይ ሣቁን ዋጠው።

«ካልሄድኩ ይፋቃል» አላት ኦፒየስ።

«ይፋቅ።»

«ድልድዩ ይፋቃል፣ ሳልቪያ። እንዳልነበረ ይሆናል። እኔ ስሞት፣ ቡኮ ሲሞት፣ ያ ቀን የለም ማለት ነው። ከሄድኩ ቢያንስ አንድ ሰው ቆሞ እንደነበር ይታወቃል። ማን እንደቆመ ባይታወቅም አንድ ሰው መቆሙ ይታወቃል።»

ይህን ከእሱ አፍ ሰምታ አታውቅም። ወደ ቆዳዋ ተመለሰች፤ ስታሸው ግን ቆዳው የሆነ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

*

በበዓሉ ማለዳ ኦፒየስ ወንዙ ዳር ወዳለው የበሉጥ ዛፍ ሄዶ ቅርንጫፍ ቆረጠ። ሲመለስ የሴስቲልየስ አሽከር በወርቅ ቅብ ጥብጣብ ያሸበረቀ አክሊል ይዞ ቤቱ በር ላይ ሲጠብቀው ነበር፤ ኦፒየስ ወደ ጌታህ መልሰው አለው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱ ጎነጎነ። ጣቶቹ ቅጠል አያውቁም የተባለው እውነት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ተፈታበት። ጠፍር እንደሚገምድ አድርጎ ሲይዘው ግን ታዘዘለት። ሲጎነጉን አንዳንዴ ሴስቲልየስን በዚያው ጉንጉን አንገቱን ሲያንቀው ያስብ ነበር፤ አንዳንዴ ደግሞ በሮም አንድ የማያውቀው ሰው፣ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ፣ ብራናውን ዘርግቶ ‹ጠፍሩን በጥርሱ ነከሰ› የምትለውን ቦታ ሲያነብ ያየዋል። ያ ሰው ለሴስቲልየስ ያዝናል፣ በሴስቲልየስ ይኮራል። ይሁን እንጂ የሚያነበው የኦፒየስን ጥርስ ነው። ሁለቱ ሐሳቦች እየተፈራረቁ አክሊሉ አለቀ።

ቴአትሩ ጢም ብሎ ነበር። በሬው ታርዶ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ሥጋው ገና እየተጠበሰ ጭሱ በደረጃዎቹ ላይ ይነፍሳል። ኦፒየስ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ አክሊሉን በጨርቅ ሸፍኖ በመካከለኛው ረድፍ ተቀመጠ። ቡኮ አጠገቡ ነው፤ ሳልቪያ ከላይ፣ ከሴቶቹ ጋር ናት። መምጣቷን አይቷል፤ እሱን ግን አላየችውም፣ ወይም አላይም ብላለች።

ኖርባኑስ ከትናንቱ ይልቅ አሳምሮ አነበበ። ጥሩ ጥሩ ቃል ጨምሮበታል። በአዲሱ ንባብ ውስጥ ሴስቲልየስ ከወደቀው ጓዱ በላይ ቆሞ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ስለ አማልክት፣ ስለ ሮም፣ ስለ ወንድማማችነት። ቡኮ ወደ ኦፒየስ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ ጠፍር በጥርሱ እንደነከሰ ይህን ሁሉ እንዴት ተናገረው አለው። ኦፒየስ አዛውንት ወታደሮች ሲያለቅሱ አየ። እውነተኛ እንባ ነው። ያለቀሱለት ድልድይ ደግሞ እውነተኛ ድልድይ ነው።

ንባቡ ሲያበቃ አዋጅ ነጋሪው ወጣ። በወጉ መሠረት በዚያ ቀን ሕይወቱ የተረፈች ሰው በዚህ ካለ ይምጣ፣ ያዳነውን በሕዝብ ፊት ይንገረን አለ። ሴስቲልየስ ከፊት ወንበሩ ተነሥቶ ወደ መድረኩ ወጣ፤ እዚያም ቆሞ ጠበቀ። ጸሐፊው ሰሌዳውን አውጥቶ መጻፊያውን አዘጋጀ።

ኦፒየስ ተነሣ። ጨርቁን ገፈፈው። ሕዝቡ የበሉጡን አክሊል ሲያይ የተንጫጫው ሁሉ ጸጥ አለ። ደረጃውን ሲወርድ የሚያውቁት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ኮርቻ ሠሪው? እሱ ነው እንዴ? እያሉ ተንሾካሾኩ። መድረኩ ላይ ወጣ። ከሴስቲልየስ ጋር ፊት ለፊት ቆሙ። ከዚያ ከበረዶው ቀን ወዲህ ይህን ያህል ተቀራርበው አያውቁም፤ ያን ቀን ሴስቲልየስ ሁለት እጁን በኦፒየስ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠምጥሞ፣ አትተወኝ፣ አትተወኝ ይለው ነበር። ዛሬ ሽቶ ሽቶ ይላል።

አዋጅ ነጋሪው ሕዝቡ እንዲነሣ አዘዘ። አክሊል ሲደፋ ማንም ተቀምጦ አያይም። ያ ሁሉ ሰው፣ ከታች ከሹማምንቱ ወንበር እስከ ላይ እስከ ሴቶቹ ረድፍ፣ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ።

«ያዳነህ ማን ነው?» አለ አዋጅ ነጋሪው።

ሴስቲልየስ ራሱን ዝቅ አደረገ። መሐል ራሱ ላይ ጸጉሩ ሳስቷል፤ ጠይም ነጠብጣብ የበዛበት፣ በዘይት የተወለወለ ቆዳ ከታች ይታያል። እንደ ጎነበሰ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ቶሎ በል» አለ፤ ለአሽከር እንደሚባለው።

አዋጅ ነጋሪው ጥያቄውን ደገመ። ኖርባኑስ መጻፊያውን ሰሙ ላይ አሳርፎ፣ በተስፋ ዓይን ወደ ኦፒየስ ቀና አለ። ከላይ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው አሳለ። ሴስቲልየስ አንገቱ እየደከመ፣ ራሱን እንደ ሰበረ ቆሟል፤ የጆሮው ጫፍ መቅላት ጀምሯል።

ኦፒየስ ያን ራስ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አክሊሉን በእጁ እንደያዘ ዞረ፣ የመድረኩን ደረጃ ወረደ።

አዋጅ ነጋሪው በስሙ ጠራው። ጸሐፊውም ጠራው፤ «እባክዎ፣ አንድ ቃል ብቻ፣ አንድ ቃል» እያለ እስከ መድረኩ ጫፍ ተከተለው። ሴስቲልየስ ቀና ሲል ፊቱ ደም ለብሶ ነበር። ኦፒየስ ወደ ኋላ አልዞረም። ሰው ሁሉ እንደ ቆመ ነው፤ ይቀመጥ አይቀመጥ የነገረው የለም። ቡኮ አንድ ነገር ሊጠይቀው አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ኦፒየስ በቆሙት መካከል አልፎ፣ በምሥራቁ በር በኩል ወጣና ሄደ።